የጠቅላይ ሚኒስትሩ ድርሻ

አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረ። አገሩ አውሮፓ ውስጥ ያለች፣ ከባሕሩ ዝቅ ብላ የተኛች፣ ተራራ የሚባል ነገር የማታውቅ ትንሽ አገር ናት። በዚያች አገር ዳርቻ የሚኖር ገበሬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀና ሲል መርከብ ከጣራው በላይ ሲያልፍ ያያል። ሰውንና ባሕርን የሚለያያቸው ረጅም የአፈር ግድብ ብቻ ነው። ግድቡ እስካለ ሁሉም አለ፤ ግድቡ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል።

ሰውየው ዊብረን ይባላል። በግድቡ ሥር ካሉት መንደሮች በአንዱ ተወለደ። አባቱ ላም ያረባ፣ ድንችም ይተክል ነበር። ዊብረን ሃያ ዓመት ሲሞላው አባቱ ሞተና እርሻውን ወረሰ። በሃያ ስድስት ዓመቱ የመንደሩ የግድብ ጉባኤ ጸሐፊ ሆነ። ንግግር ያውቅበታል። ቀስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ በሚገባው ቃል ይናገራል፤ ተናግሮ ሲጨርስም ይቀመጣል፤ ይህ ደግሞ በፖለቲከኛ ዘንድ ብርቅ ነው። ከጸሐፊነት ከንቲባ፣ ከከንቲባነት የፓርላማ አባል፣ ከዚያም የውሃ ሚኒስትር ሆነ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ተባለ።

መጥፎ መሪ አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ። ታሪኩ የክፉ ንጉሥ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ለመተረክም አልደክምም ነበር፤ ክፉ ንጉሥማ ሞልቷል። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን፤ እሱ ይህን ተረት አልሰማም፤ ቢሰማም የሚሠራበት ሰው አልነበረም። የአረጋውያንን ጡረታ አሻሻለ፣ የባቡር ሐዲዱን እስከ ሰሜኑ ዳርቻ አስዘረጋ፣ ሁለት ጊዜ ተመረጠ። ምሳውን ከሾፌሩ ጋር ይበላ ነበር፤ ሾፌሩም በየቦታው ሲያወራው ይውላል።

አሁን የመንደሩን ደንብ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ግድቡ የመንግሥት ሳይሆን የመንደሩ ነው። ለየቤተሰቡ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ከእርሻው ፊት ለፊት ያለችውን ቁራጭ፣ ድርሻውን፣ በገዛ እጁ ይጠብቃል። ፍልፈል የቆፈረውን ይደፍናል፤ የተሸረሸረውን በሸክላ አፈር ይጠቀጥቃል፤ ሣር ያለብሳል። በቅጥረኛ ማሠራት አይፈቀድም። የሌላውን ድርሻ መንካትም ነውር ነው፤ በሰው ድርሻ ላይ አንዲት ጓል መጣል «አንተ አልቻልክም» ብሎ በአደባባይ እንደ መስደብ ይቆጠራል። ጉልበቱ የከዳው ወይም ጊዜ ያጣ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አካፋውን ድርሻው ላይ ይተክልና እጁን ያነሳል። አካፋውን የነቀለ ሰው ድርሻውንም ከኋላው ያለውን እርሻም ይወስዳል። ባለቤቱ ራሱ ካልተከለ፣ ከማዕበሉ ወራት በፊት በየዓመቱ ግድቡን በእግራቸው የሚዞሩት የጉባኤው ሽማግሌዎች ይተክሉበታል። ከባድ ደንብ ነው፤ ባሕርም ቀላል አይደለም።

ዊብረን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነም በኋላ ድርሻውን አልለቀቀም። ኩራቱ ነበረች። በዓመት አንድ ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ሊዞሩ ሲሉ፣ ከዋና ከተማው ይመጣል። ፎቶ አንሺዎች ይከተሉታል። እጅጌውን ይሰበስባል፣ አካፋ ይይዛል፣ ግማሽ ሰዓት ይቆፍራል። የሚቆፍረው ግን የግድቡ አናት ላይ ነው፤ እዚያ ሲሆን ከበስተኋላው ባሕሩ ይታያልና ፎቶው ያምራል። ግድብ የሚታመመው ከታች፣ ከእግሩ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። ያቺ ፎቶ በምርጫ ሰሞን በየግድግዳው ትለጠፋለች። ከሥሯ «ድርሻውን የሚወጣ ሰው» ይላል።

የመንደሩ ሰዎች ዕውሮች አልነበሩም። የዊብረን ድርሻ ሣሩ መሳሳቱን፣ ከሥሩም ውሃ መስረጉን አይተዋል። ግን የእነሱ ልጅ አገር ይመራል! እንግዳ በመጣ ቁጥር «የጠቅላይ ሚኒስትሩ ድርሻ ያቻትና» ብለው በጣት ያሳያሉ። ታዲያ በእሱ ድርሻ ላይ ማን ደፍሮ አካፋ ይተክላል? አምስቱ ሽማግሌዎች የሌላውን ሰው ድርሻ ተንበርክከው በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። የዊብረን ድርሻ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቁና ወደ ባሕሩ እያዩ ፈጠን ብለው ያልፋሉ። የጉባኤው ሊቀመንበር አዛውንቱ አውከ መዝገቡ ላይ «ደህና ነው» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ሲባል ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ይሉኝታ እኛ አገር ብቻ ያለ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

ከድርሻው ሥር ባለው የአባታቸው ቤት የዊብረን ታላቅ እህት ሪንስከ ብቻዋን ትኖራለች። ቤተሰብ ስለሆነች ድርሻውን መንካት አይከለከልባትም። ሰባት ዓመት ሙሉ የፍልፈሉን ጉድጓድ ስትደፍን የኖረችው እሷ ነበረች፤ ለወንድሟ ግን አንድም ቀን አልነገረችውም። «አገር የሚያህል ነገር ተሸክሞ ስለ ፍልፈል ላስጨንቀው?» ትል ነበር። በስድሳ አራት ዓመቷ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። ከዚያ ወዲያ ግድቡን የምትጠብቀው በዓይኗ ብቻ ሆነ።

ሦስተኛው ምርጫ አምስት ሳምንት ሲቀረው ሪንስከ ባቡር ተሳፍራ ዋና ከተማ ሄደች። ወንድሟ ቢሮ ስትገባ አማካሪው ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ከቦርሳዋ የመስታወት ጠርሙስ አወጣችና ከወረቀቶቹ መሃል አስቀመጠችው። ውስጡ ውሃ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አማካሪው።

«እሱ ያውቀዋል» አለች።

ዊብረን አወቀው። ከግድብ ሥር የሚሰርግ ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ አያስፈራም፤ ግድብ ሁሉ ትንሽ ያልበዋል። የደፈረሰ ከሆነ ግን ውሃው ከግድቡ ሆድ አፈር እየሰረቀ መውጣቱ ነው። ዛሬ አንድ ጭብጥ ይወስዳል፣ ነገ አንድ ቁና፤ አንድ ቀን ግድቡን ይዞት ይሄዳል። የጠርሙሱ ውሃ ቡናማ ነበር። ዊብረን እያየው ጭቃው ቀስ እያለ ወረደና ጠርሙሱ ሥር ሁለት ጣት ያህል ተኛ።

«ከየት ቀዳሽው?»

«ከወጥ ቤቴ መስኮት አሥር እርምጃ ርቆ። ያንተ ድርሻ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መስረጉማ ቆይቷል። መደፍረስ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው።»

«ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?»

«ባርኔጣቸውን አወለቁ» አለች ሪንስከ።

አማካሪው ነገሩ ሲገባው ፈጠን ብሎ ተናገረ። «ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አምስት ሳምንት እኮ ነው። የጦሩን መሐንዲሶች በጸጥታ መላክ እንችላለን።»

«ለግል እርሻዬ የመንግሥት ወታደር?»

«እንግዲያው ከምርጫው በኋላ ይሁን። አሁን አካፋ ቢተክሉ ፎቶው በማግስቱ የተቃዋሚዎቹ ፖስተር ነው የሚሆነው። ዘጠኝ ዓመት የገነቡት ስም በአንድ አካፋ ይፈርሳል። ከምርጫው በኋላ የፈለጉትን ይትከሉ።»

ዊብረን ወደ እህቱ ዞረ። የማዕበሉ ወር ከምርጫው በፊት እንደሚገባ ሁለቱም ያውቃሉ። እንዲህ የታመመ ግድብ ሥሩ ተከፍቶ እስኪጠገን ብዙ ሰው ተረባርቦበት እንኳ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ አንድ የአምሳ ስምንት ዓመት ሰው ብቻውን አይወጣውም።

«እስከ ምርጫው እኔ ጋ ሁኚ» አላት። «እዚሁ ከተማ ተቀመጪ።»

«እኔ እቀመጣለሁ» አለች ሪንስከ። «ከጎኔ ያሉት አርባ ቤቶችስ? እነሱ የማን እህት ናቸው?»

ጠርሙሷን ትታለት በመጣችበት ባቡር ተመለሰች።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ዊብረን ወዲያው አልወሰነም። ሁለት ቀን ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳውም። ሁለት ቀን ምክንያት ሲፈልግ ዋለ፤ ማዕበሉ ዘንድሮ ሊዘገይ ይችላል፣ እህቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ነገር ታጋንናለች፣ እኔ ከወረድኩ የሚመጣው ሰው ጡረታውን ይቀንሰዋል። የመጨረሻው ምክንያት እውነትም ሊሆን ይችል ነበር፤ ክፋቱ እሱ ነው። ሰው ጥፋቱን የሚያስታምመው በውሸት ብቻ አይደለም፤ በእውነትም ያስታምመዋል። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» ይባላል። ዊብረንን ዘጠኝ ዓመት ያሳሳቀው ያ ፎቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስብሰባዎቹን ሰረዘና መኪና አስነሳ።

ቅዳሜ ነበር። መንደርተኛው መምጣቱን ሲሰማ እንደ ልማዱ ለፎቶ የመጣ መስሎት የክት ልብሱን ለብሶ ወጣ። ከሆነ ጋዜጣ የመጣ አንድ ፎቶ አንሺም ተከትሎት ነበር። ዊብረን ወደ ግድቡ አናት አልወጣም። ከእህቱ ወጥ ቤት በስተጀርባ ወደ ግድቡ ሥር ሄደ። ጫማው ጭቃው ውስጥ ገባ። አካፋውን አንስቶ ውሃው በሚሰርግበት ቦታ ላይ ተከለው።

«አልቻልኩም» አለ።

ደንቡ የሚጠይቀው ይህችን አንድ ቃል ነው። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ አፈረ። አንድ ሰው እንኳ ንቅንቅ አላለም።

አካፋው ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተነቀለ ድርሻው ባለቤት አልባ ይሆናል፤ ጉባኤው ባለቤት እስኪያገኝለት ድረስ ማንም ሊነካው አይችልም፤ ያ ደግሞ ወራት ይወስዳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ግን ጫማ ጫማውን ያያል።

«አውከ፣ እርስዎ ይንቀሉት» አለ ዊብረን። «ሦስት የደረሱ ልጆች አሉዎት።»

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። «እንዴት አድርጌ፣ ክቡርነትዎ? የጠቅላይ ሚኒስትሩን መሬት ወሰደ ልባል? እኛ እኮ እርስዎን አክብረን ነው…»

«ማክበራችሁን አይቻለሁ። ባሕሩ እህቴ ወጥ ቤት ሊገባ አሥር እርምጃ ቀርቶታል።»

«እርስዎ መልሰው ይንቀሉትና እኛ በጎን እንረዳዎታለን» አለች አንዲት ሴት፤ ዕንባዋ መጥቷል።

«ደንቡ አይፈቅድም። ቢፈቅድስ ነገ እኔ ተመልሼ ስሄድ ማን ሊጠብቀው ነው? ንቀሉት እንጂ! ለምን ትገድሉኛላችሁ?»

በሕይወቱ ብዙ ሺህ ሰው ያሳመነ ሰው እነዚህን ስልሳ ሰዎች ማሳመን አቃተው። ፀሐይዋ ወደ ግድቡ ጫፍ መጠጋት ጀመረች።

በዚህ መሃል ሜነርት ከኋላ ሰው እየገፋ መጣ። ሜነርት የመንደሩ ነጭናጫ ነው። ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ከግድቡ ርቃ ባለች ጠባብ መሬት ይኖራል። ዊብረንን ከወጣትነቱ ጀምሮ አይወደውም፤ የምርጫ ፖስተሩን እየቀደደ የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ይደፍንበት ነበር። የክት ልብስም አልለበሰም።

«እኔ ላንተ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ዘንድሮም አልሰጥህም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እርሻው የኔ ነው ማለት ነው። ኋላ የከተማ ጠበቃ ይዘህ እንዳትመጣ።»

«ያንተ ነው። እህቴን ብቻ…»

«እህትህ ቤቷ ትኑር። እሷ ካንተ ይልቅ ስትጠብቀው ኖራለች፤ አይቻታለሁ።» ሜነርት አካፋውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው። ጉድጓዱ ወዲያው በደፈረሰ ውሃ ሞላ።

ዊብረን ውሃውን እያየ ጠየቀው፤ «ካየህ ለምን አልተናገርክም?»

«ስድስት ዓመት ተናገርኩ» አለ ሜነርት። «ስለምጠላህ ነው አሉ። እጠላሃለሁም፤ ግን ውሃው የሚሰርገው እኔ ስለጠላሁህ አልነበረም።»

አካፋ ነቅሎ አዲስ ድርሻ የወሰደ ሰው ለመጀመሪያው ጥገና መንደሩን የመጥራት መብት አለው። ሜነርት በማግስቱ ጠራ። ድርሻው የጠቅላይ ሚኒስትሩ መሆኑ ከቀረ በኋላ ለመንካት የሚፈራ ጠፋ፤ አውከ ራሳቸው በሰባ ስድስት ዓመታቸው አፈር ተሸከሙ። ሥሩን ሲከፍቱት የፍልፈል መንገድ ተገኘ፤ የሜነርት ክንድ እስከ ትከሻው ገባበት። ሰዎቹ ሥራቸውን አቁመው ተያዩ። ከዚያ ሸክላ አፈሩን መጠቅጠቅ ቀጠሉ። በአሥራ ሦስት ቀን ጨረሱ።

አማካሪው እንዳለው ሆነ። የተተከለው አካፋ ፎቶ በሦስተኛው ቀን በአገሩ ግድግዳ ሁሉ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ «ድርሻውን ጥሎ የሄደ ሰው» የሚል ተጽፎበታል። ዊብረን በየከተማው እየዞረ ስለ ደፈረሰ ውሃ ሊያስረዳ ሞከረ፤ የከተማ ሰው ግን ስለ ግድብ እግር ምን ያውቃል? ማዕበሉ ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው መጣ። ቀኑን ሙሉ ግድቡን ሲመታ ዋለ። ግድቡም ቆመ፤ በሜነርት ድርሻ በኩል አንዲት ጠብታ አልሰረገችም።

ያኔ ነገሩ ባሰበት። «አያችሁ?» አሉ ጋዜጦቹ፤ «ግድቡ ምንም አልነበረውም። ሰውየው የሸሸው ከምንም ነው።» የእሱ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ተጠራጠሩ። ግድቡ ፈርሶ ሰው ቢያልቅ ኖሮ ሐዘኑን ገልጾ፣ እንባውን ጠርጎ፣ ቦት ጫማ አድርጎ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሳይመረጥ አይቀርም ነበር። ጎርፉ ስላልመጣ ተሸነፈ። የተሸነፈውም በጥቂት ድምፅ ነው፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያማል።

ከሥልጣን በወረደ ማግስት ሻንጣውን ይዞ እህቱ ቤት መጣ። ሌላ ቤት አልነበረውም። ሪንስከ ወንበር ሰጠችውና ድንቿን መላጥ ቀጠለች።

«ይቆጭሃል?» አለችው በመጨረሻ።

«ይቆጨኛል» አለ። «አልዋሽሽም። በጣም ይቆጨኛል። ሕይወቴን ሙሉ የሠራሁት ነገር ነበር። ሰው በመንገድ ሲያየኝ ይሥቃል።» ከዚያ ወደ ታች አየ። «ወለልሽ ግን ደረቅ ነው።»

ሪንስከ ቢላዋውን አስቀመጠችና አጎንብሳ መዳፏን ወለሉ ላይ አደረገች። ከአርባዎቹ ቤቶች ሁሉ ያን ቀን ወለሏን የነካች እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ መንካት እንዳለባቸው አላወቁም። ከዚያ በዚያው እጇ የወንድሟን ጉንጭ ያዘችና አለቀሰች።

ያልደረሰ ጎርፍ ምስክር የለውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለቱን ሁላችንም እናውቅበታለን፤ በቅጠል ያጠፋውን ሰው ማመስገን ግን አናውቅበትም፤ እሳቱን ያየ የለማ። ስለዚህ ከጥፋት የሚያድን ሥራ የሚሠራ ሰው ጭብጨባ እጠብቃለሁ ካለ ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል።

የዊብረን ጥፋት ሥልጣን መውደዱ አልነበረም። የማይደርስበትን ነገር በስሙ ይዞ መቆየቱ ነው። የመንደሩም ጥፋት ክፋት አልነበረም፤ አክብሮት ነበር። የሚወዱት ሰዎች ባርኔጣ አወለቁለት፤ ሸክሙን የወሰደለት የማይወደው ሰው ነው። ሰውን ማክበር ጥሩ ነው፤ ሰውን አክብሮ የታመመ ግድብ ላይ «ደህና ነው» ብሎ መጻፍ ግን ሰውየውንም መንደሩንም መግደል ነው።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤታችሁ፣ ማኅበራችሁ ውስጥ፣ በእናንተ ስም የተያዘ፣ እናንተ ግን ከቆየ ጀምሮ የማትደርሱበት፣ ሌላው ደግሞ እናንተን አክብሮ የማይነካው ነገር አለ? ካለ፣ ከሥሩ የሚኖሩት እነማን ናቸው?